በየትኛው በር ይመጣሉ?

መስከረም 20

ለተከበርሽው እትዬ፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትሽን ሳያምሽ፣ ክርም ከመርፌ ቀዳዳ ሳይጠፋብሽ በደህና ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም።

በስልክ ልነግርሽ የምችለውን በወረቀት የምጽፈው፣ በስልክ ሲሆን ጨርሼ ሳልናገር ስለምትስቂብኝ ነው። ባለፈው «የመስፊያ መኪናዋን የሚገዛ ሰው መጥቶ አያት» ብለሽ እንደ ዋዛ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። መኪናዋ ከሄደች ሱቁ ሄደ ማለት ነው። የድሮ ደንበኞችሽ አንድ በአንድ እያለቁ፣ አዲሶቹም ያለሽበትን ሳያውቁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ በር በሩን ስታዪ ይታየኛል።

እዚያው እናንተ ከተማ ያለ የአንድ ቁልፍ ሠሪ ድረ ገጽ አጋጥሞኝ ነበር። ቁልፍ ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ ገጹን ሳይ ግን በጠፋብኝ አሰኘኝ። ማን እንደሠራው ጠይቄ ደረስኩባት። መሥሪያ ቤት የላትም፤ ከቤቷ ሆና በግሏ የምትሠራ ዲዛይነር ናት። ደወልኩላት። እኔ ስለ ዋጋ ልጠይቅ ስል እሷ ስለ አንቺ መጠየቅ ጀመረች። «ማስቲሹን በእጃቸው ነው ወይስ በብሩሽ የሚቀቡት?» እስከማለት ደረሰች። በቃ፣ ቀጥሬያታለሁ። ሂሳቡን ለኔ ተዪው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ገጹ ላይ ተራ የሆኑ፣ ለዓይን ደስ የሚሉ ጫማዎች ብቻ ይታዩ። እነዚያ ሌሎቹ ከኋላ ይቆዩ። ሰው እንዳይሸሽ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ስሙንም «ሮያል ጫማ» ብንለው ምን ይመስልሻል?

የማይረሳሽ ልጅሽ

---

ጥቅምት 12

ለእናትህ ልጅ፣ ለኔም ልጅ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ ያደረሰው አምላክ ይመስገን። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው። ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ ሲጠፋብኝ የምሳደበው ስድብ ደግሞ ሳይጠፋ አለ።

ሮያል ማለት ንጉሣዊ ማለት ነው አለችኝ ልጅቷ። እኔም ንጉሥ እዚህ ቤት ጫማ አሠርቶ አያውቅም፣ ቢመጣም እንደማንኛውም ሰው በጓሮ በር ነው የሚገባው አልኳት። አልሳቀችም። «ለምን በጓሮ?» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠያቂዋ ብያታለሁ።

አደራህን ለመጠበቅ ያየሁትን አበሳ ስማ። የኔን ሥራ እኔና አንተ እናውቀዋለን። አንድ እግሩ ካንዱ ለሚያጥር ሰው ነው የምሠራው። ባጭሩ በኩል ባለው ጫማ ውስጥ ቡሽ አስገብቼ አነሳዋለሁ፤ ከውጭ አይታወቅም፣ ባለቤቱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዝምድናችንን የሚያሰላ ሰው የእናትህ የአክስት ልጅ ናት ቢል ሩቅ ያደርገኛል። እግርህን ግን ከመሬት ከተከልከው ጀምሮ ጫማ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዳያያቸው በጓሮ ገብተው በጓሮ የሚወጡትን፣ ሁለት ደንበኛ ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠም የሰቀልኩትን መጋረጃ፣ ያለቀ ጫማ በጨርቅ ጠቅልዬ የማስቀምጠውን ሁሉ ታውቃለህ። ታዲያ ለፎቶ የሚሆን እኩል ጫማ ከየት ላምጣ?

ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ አሮጌ ጫማዎች ነበሩ። ከየጥንዱ ቡሽ የሌለውን መርጬ ወለወልኩና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ምን ያውቃል? ጠያቂዋ ካሜራዋን ከማውጣቷ በፊት ዞራ ዞራ አየቻቸው። «ሁሉም ነጠላ ናቸው፤ ጓደኞቻቸው የት ሄዱ?» አለችኝ። ገና አልተሰፉም አልኳት። ቀጥላ «የፊት በሩ ማጠፊያ ለምን ዛገ?» አለችኝ። ነፋስ ስለሚያስገባ ነው አልኳት። ዋሽቼ ዋሽቼ ምላሴ ደረቀ። ኃጢአቱ በአንተ ይሁን።

ግን ልጅቷን ወደድኳት። ሥራ ላይ ስሆን አትናገርም። መዶሻው ሲያርፍ ጠብቃ ነው የምትጠይቀው። ይህንን ያስተማራት ሰው የለም።

አክስትህ

---

ኅዳር 6

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከመጋረጃው በዚህም በዚያም ላለሽው ለአንቺ ይሁን።

ገጹን አየሁት። ሥራ ቦታ ሆኜ ከፍቼው አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «የት ነው የሚሸጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጅቷ ምን ዓይነት ዓይን ነው ያላት? ያ የሰም ክርሽ ቀለም፣ ያ ቡና ዓይነት፣ ገጹ ላይ ሲያዩት ይሸታል ማለት ይቻላል። ጽሑፉ የራስሽ እጅ ጽሑፍ መሆኑን እንዴት አሰበችው? ጫማ በምትወጥሪበት የእንጨት ፎርማ ላይ በጠመኔ የምትጽፊውን ቁጥር አይታ ከሱ ፊደል እንዳበጀች ነገረችኝ። እኔ እዚህ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ስንት ማስታወቂያ አያለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። ስሙን ግን «ሮያል» አላደረገችውም። «አክስትዎ ንጉሥ አያውቁም» አለችኝ።

ስለ አዲስ ጫማ በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር። ለጊዜው ያለኝ ይበቃኛል፤ አትድከሚ። አንዲት አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች፤ የሂሳብ ክፍል ናት። ስለሷ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ልጅሽ

---

ታኅሣሥ 9

ለልጄ፣

ሰላም ለአንተ፤ ሰላም ለዚያችም ስለሷ ሌላ ጊዜ ለምትነግረኝ ልጅ።

ያለኝ ይበቃኛል ያልከውን አላመንኩህም። የመጨረሻውን ጫማህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ታኮው ዕድሜው ስንት እንደሆነ ከኔ በላይ አታውቅም። ግን ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነው። ጉድ ሆኛለሁ።

ገጹን አይቶ አንድ የባንክ ጸሐፊ መጣ። በፊት በር! በሩ ሲከፈት የጮኸውን ጩኸት ጎረቤት ወጥቶ አየው። ሰውየው ሁለት እኩል እግር አለው። ጥቁር ጫማ ፈለገ። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ስጨርስ በሥራዬ ኮራሁ። መጥቶ አደረገው፣ ብድግ አለ፣ ወደ ግራ ዘመመ። አንድ እርምጃ ሄደ፤ ዘመመ። ሁለተኛ ሄደ፤ ጠረጴዛውን ያዘ። ጫማውን አስወልቄ ሳየው እጄ ሳያማክረኝ ቀኙ ውስጥ ቡሽ አስገብቷል። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳቀና ኖሬ፣ ቀጥ ብሎ የመጣውን አጣምሜ ልሰደው ነበር።

ጠያቂዋ እዚያው ነበረች። መጀመሪያ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሰውየውም ደግ ሰው ነው ሳቀ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እዚህ ቤት የሚሠራው ምንድን ነው?» አለችኝ። ልጄ፣ ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ። መጋረጃውን ገለጥኩላት።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አንዱን ጥንድ ከጨርቁ አውጥቼ ሰጠኋት፣ የሞቱ ሰው ጫማ ነው። በእጇ መዘነችው። ውስጡን በጣቷ ዳሰሰች። ቡሹ የት እንደሚጀምር ፈልጋ አጣችው። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ቆንጆ ውሸት ነው የሠራሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። እዚያው እፊቴ ላፕቶፗን ከፍታ ገጹን አወረደችው። ስንት ቀን የለፋችበትን! እንደገና ስለምሠራው አያስቡ፣ ለዚህኛው ሂሳብ የለም አለች። የምትሠራውን የምትወድ ሰው አይቻለሁ፤ የሠራችውን ማፍረስ የምትችል ግን ከሷ በፊት አላየሁም። አንጀቴን በላችው።

ልትወጣ ስትል ቀና ብላ ላይኛውን መደርደሪያ አየች። በእግርህ ልክ የቀረጽኳቸውን የአንተን ፎርማዎች። ከመጀመሪያዋ መዳፍ ከምታህለው ጀምሮ እስከ ትልቁ በተራ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ቀኝና ግራው እኩል ያልሆነ፣ የልጅ እግር እስኪጎለምስ። ቆማ ቀረች። «እነዚህ የአንድ ሰው ናቸው?» አለች። ናቸው አልኳት። ማን እንደሆነ አልነገርኳትም። «ገጹ መከፈት ያለበት በነዚህ ነው። ልጁ እግሩ አጥሮበት አይደለም የሚያዩት፤ እያደገ፣ እያደገ፣ እየሄደ ነው የሚያዩት» አለችኝ።

ባለቤቱ ሳይፈቅድ አላሳይም አልኳት። «ይጠይቁልኝ» አለች። ይኸው ጠየቅሁህ።

አክስትህ

---

ጥር 24

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስ ስላዘገየሁ አዝናለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ለሱቅ ኪራይ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። የፊት በሩን ማጠፊያም አስቀይሪበት። ስለ ፎርማዎቹ ሌላ ጊዜ እናወራለን። ዲዛይነሯ ሌላ ፎቶ ብታስብ ጥሩ ነው፤ መዶሻው አለ፣ መኪናዋ አለች።

ልጅሽ

---

የካቲት 16

ለልጄ፣

ብርታት ለጉልበትህ፣ ዕረፍት ለልብህ ይሁን።

የላክኸው ደረሰኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማጠፊያው ተቀይሯል፤ በሩ አሁን ዝም ብሎ ነው የሚከፈተው። ያለፈው ደብዳቤህ ግን እንደ መንግሥት ደብዳቤ ነበር፤ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔም አልቀሰቅስህም። ባለቤቱ አልፈቀደም ብዬ ለጠያቂዋ ነገርኳት። አንድ ጥያቄ አልጨመረችም። ሁሉን የምትጠይቀዋ ልጅ የት ላይ ማቆም እንዳለባት ታውቃለች።

አዲሱን ገጽ ግን አሳይታኛለች። ልንገርህ። ስትከፍተው አንድ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ከመስመሩ በታች ሁለት ጫማ፣ የአንዱ ሶል ወፍራም፣ የአንዱ ቀጭን፤ ከላይ ግን እኩል ናቸው። አርማችን ይኸው ነው። ቃል የለበትም። ሳየው «ይኼን ለማለት ነበር ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ የኖርኩት» አልኳት። «እኔ ምን አደረግሁ፤ ያዩትን ነው የሳልኩት» አለችኝ።

ከዚያ ቀጠሮ መያዣው ይመጣል። ቀኑን ይመርጣሉ፣ ስም ካልፈለጉ አይጽፉም። ከታች አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ «በየትኛው በር ይመጣሉ?» ይላል። አንዱ የፊት በር ነው፣ ሌላው የጓሮ በር። በፊት ለሚመጣ የፊቱን እከፍታለሁ፤ በጓሮ ለሚመጣ መጋረጃው አለ። ማፈር አያስፈልግም፣ ኑ ውጡ ብላ ሰውን የምትጎትት መስሎኝ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ሰውን ከነፍርሃቱ ነው የተቀበለችው። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከየት አመጣችው? አብረን ስንሠራ ጠጋ ብዬ አያታለሁ፤ ሌላ ሰው ሆና አታውቅም።

ገጹ አናት ላይ ግን ባዶ ቦታ ትታለች። መዶሻውንም መኪናዋንም አነሳች፤ አልሆነም። «የሱ ቦታ በሌላ አይሞላም፤ ባዶው ይሻላል» አለች። እኔም እውነቱን ልንገርህ፤ ባዶ ቦታ ያየ ሰው ቶሎ ነው የሚያልፈው። ገዢው ለመኪናዋ ግንቦት ላይ እመለሳለሁ ብሏል። እስከዚያ ሥራ ካልመጣ እሸጥለታለሁ፤ ቀሪውን ዕድሜዬን ከእህቴ ጋር እየተነጫነጭኩ እኖራለሁ። ይህን የምነግርህ ልመና እንዲሆን አይደለም። ለኔ ብለህ እሺ እንዳትል። እግሩ የአንተ ነው።

አክስትህ

---

መጋቢት 22

ለእትዬ፣

መሬት ሲጠብብሽ የሚሰፋልሽ፣ ሲያዳልጥሽ የሚይዝሽ አይጥፋ።

እንደ መንግሥት የጻፍኩበትን ምክንያት አሁን እንደ ሰው ልጻፍልሽ። እዚህ ማንም አያውቅም። አለቃዬም፣ ጓደኞቼም፣ ያቺ የሂሳብ ክፍሏ ልጅም። ከእሷ ጋር ከተቀራረብን ቆየን። ቤቷ ስሄድ ጫማ ማውለቅ አለ፤ እኔ ሁልጊዜ እንደቸኮልኩ ነው፣ በር ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። አዲስ ጫማ ያላዘዝኩሽም ለዚህ ነው። እሽጉ በመሥሪያ ቤት አድራሻ ነው የሚመጣው፤ ባለፈው ማን እንደላከልኝ ሲጠይቁኝ ላብ በላብ ሆንኩ። የአንቺ ሥራ ጥሩነቱ ጎዳኝ ልበልሽ? ስለማይታወቅ፣ እንዳይታወቅ ኖርኩ።

ገጹን ከፈትኩት። ያንን ባዶ ቦታ አየሁት። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። አንዲት በስልክ እንጂ በአካል የማላውቃት ልጅ የማን ፎርማ እንደሆነ ሳታውቅ ቦታዬን ጠብቃ፣ ሌላ ነገር አናስቀምጥበትም ብላለች። እኔ ደግሞ ከዚያ ቦታ እየሸሸሁ ነው። አፈርኩ፤ በእግሬ ሳይሆን በሽሽቴ።

ለአንቺ ብዬ አይደለም። ይታዩ። ከትንሿ ጀምሮ ሁሉም። ስሜን ግን አትጻፉ፤ እስከዚያ ድረስ አልደረስኩም።

ፎቶው ሲገባ ለሂሳብ ክፍሏ ልጅ አሳያታለሁ፤ የዘመዴ ሱቅ ነው ብዬ ብቻ። ከዚያ በላይ አንደበቴ አይታዘዘኝም።

ልጅሽ

---

ግንቦት 8

ለልጄ፣

ጤና ላንተ፤ ለኔ ግን ትንሽ ዕረፍት ይላክልኝ፣ ሥራ ገደለኝ።

ፎርማዎችህ ወጥተዋል። ጠያቂዋ ጠዋት ብርሃን በመስኮት ሲገባ ጠብቃ ነው ያነሳቻቸው። አቧራቸውን እንኳ እንዳልጠርግ ለመነችኝ። ከሥራቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈች፤ «የአንድ ሰው መንገድ፣ እስካሁን።» የማን እንደሆኑ አሁንም አልጠየቀችኝም። ፎቶውን አንስታ ስትጨርስ ግን የመጀመሪያዋን፣ መዳፍ የምታህለውን፣ ወደ ቦታዋ ስትመልሳት ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠቻት። አየኋት።

ሰው መጣ። በጓሮም በፊትም መጣ። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር በጓሮ ቀጠሮ ይዞ፣ ደጅ ደርሶ፣ ዞሮ በፊት ገባ። «እዚያ የልጅ ፎርማ ላይ ራሴን አየሁ» አለኝ። አንዲት ሙሽራ መጣች። ትናንት ሁለት ሰዎች መጋረጃው ግራና ቀኝ ቁጭ ብለው ሳለ አንደኛው «እዚያ ማዶ ያለኸው፣ ደረጃ ላይ እንዴት ነህ?» አለ። ያኛውም «ስወርድ ነው የሚከብደኝ» አለ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ወሬ በዚህ ቤት ሰምቼ አላውቅም። መጋረጃውን አልነካሁትም፤ እነሱ ሲፈልጉ ይግፉት።

ገዢው ስለ መኪናዋ መጣ። ስሰፋባት አገኘኝ። ቆሞ አይቶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

አንድ ትዕዛዝ ደግሞ ከሩቅ መጥቷል፤ የማን እንደሆነ አልነግርህም። የደንበኛ ምስጢር እንደማላወጣ ታውቃለህ፤ ለአንተም ብዬ ሕጌን አላፈርስም። ይህን ያህል ብቻ ልበልህ፤ ልክ አላስፈለገኝም። እየሰፋሁ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እስቲ ሰሞኑን ቤትህን አጽዳ፤ ጢምህንም ተላጭ።

አክስትህ

---

ሰኔ 19

ለእትዬ፣

በሠራሽልኝ ሁሉ ላይ ቆሜ ነው ሰላም የምልሽ።

ባለፈው እሑድ ያቺ የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ቤቴ መጣች። ሳጥን ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ክፈተው» አለችኝ። ጨርቁን ሳየው አወቅሁት። ጨርቁን ስፈታው ስፌቱን አወቅሁት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ምን ብላ እንዳዘዘችሽ ኋላ ነው የነገረችኝ፤ «የነዚያ ፎርማዎች ባለቤት የሚያደርገው ጫማ ታኮው አልቋል፤ ልኩ እርስዎ ጋ ያለ ይመስለኛል» ብላ ነው የጻፈችልሽ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ደረጃ ስንወጣ ሁልጊዜ በግራ እግርህ ነው የምትጀምረው» አለችኝ። «አንድ ቀን በቀኝ ልትጀምር ስትል ቆመህ አስተካከልከው። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም በግራ ነው የምጀምረው። አላየኸኝም?»

አላየኋትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ እግርም እንደዚያ ነው ለካ። እኔ እየደበቅሁ እሷ አብራኝ ስትራመድ ኖራለች።

አሮጌውን ጫማ እሷ ፊት አወለቅሁ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። ባዶ እግሬን ቆምኩ፣ ዘመምኩ፣ ሳቀች፣ ሳቅሁ። ከዚያ አዲሱን አደረግሁ። ልክ ነው እትዬ።

ለጠያቂዋ ንገሪያት፤ ፎርማዎቹ የኔ ናቸው በያት። ስሜን ከፈለገች ትጻፈው። ያንን ገጽ የሠራች ልጅ ሳላመሰግናት ዕድሜ ቢሰጠኝም አልጠግበውም።

እናንተ ጋ ልንመጣ ነው። ያቺን መዳፍ የምታህለውን ፎርማ በእጇ መያዝ ትፈልጋለች። ቀጠሮውን በገጹ ላይ እሷ ሞላችው፤ ቀኑንም ሰዓቱንም ጻፈች። የመጨረሻው ጥያቄ ጋ ስትደርስ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ።

የፊት በሩን ተጫንኩ።

ልጅሽ